ቤት ሊሸጥ ሲል ግድግዳው ለምን ይነጣል?

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1997 ደራሲዋ ሳንድራ ሲስኔሮስ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ያለውን ቤቷን ወይን ጠጅ አስቀባችው። ደብዘዝ ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ የሚመስል ወይን ጠጅ አልነበረም። አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ የሚያናግር ደማቅ ቀለም ነበር።

ቤቱ የሚገኘው ኪንግ ዊልያም በሚባለው ሰፈር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታም የጀርመን ነጋዴዎች የሰፈሩበት ሲሆን ስሙንም ያገኘው ከፕሩሲያው ንጉሥ ከቪልሄልም ነው። ሰፈሩ በቅርስነት የተጠበቀ ስለሆነ ባለቤቱ የውጭ ግድግዳውን ቀለም ለመቀየር የከተማውን ኮሚሽን ማስፈቀድ አለበት። ኮሚሽኑ ወይን ጠጁን አልተቀበለውም። ይህ ቀለም በሰፈሩ ታሪክ ውስጥ ለመኖሩ ማስረጃ አምጪ አላት።

ሲስኔሮስ አባቷ ከሜክሲኮ የመጡ፣ ቺካጎ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ስሟን ያስጠራው በ1984 የታተመው መጽሐፏም የራሷ የሆነ ቤት ስለምትመኝ ልጅ ነው። ለኮሚሽኑ የሰጠችው መልስ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ ጀርመኖቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ የኖረው ሕዝብ የእኔ ወገን ነው፤ ደማቅ ቀለምም የእሱ ባህል ነው፤ ነገር ግን የድሃ ቤት ፎቶ አንሥቶ መዝገብ ቤት ያስቀመጠለት ሰው ስለሌለ ማስረጃውን ከየት ላምጣው?

ክርክሩ የአገሪቱ ትልልቅ ጋዜጦች ወሬ ሆነ። ቤቱን ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው በዛ። ግማሹ ደገፋት፣ ግማሹ ሰፈራችንን አበላሸችው አለ። በመጨረሻ ጠቡን የፈታው ኮሚሽኑም እሷም ሳይሆኑ የቴክሳስ ፀሐይ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ሲመታው ወይን ጠጁ ገርጥቶ ፈዘዘ፤ የፈዘዘውን ቀለም ደግሞ ኮሚሽኑ ለሰፈሩ የሚስማማ ሆኖ አገኘው። ከዓመታት በኋላ ሲስኔሮስ ቤቱን ሸጣ ኑሮዋን ሜክሲኮ አደረገች።

በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ የቅርስ ጥበቃ ነበር። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ቤቱን ለመሸጥ የተነሣ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ነው፦ እኔ የወደድኩት ቀለም ለሌላው ሰው ምኑ ነው? ዋጋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ያለፈባቸው መንገዶች ዳር ግራጫ እንዴት እንደበዛ ያየ አንባቢ፣ የግድግዳን ቀለም ማን ይወስናል የሚለው ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

አሜሪካ ውስጥ ለሻጭ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ነጭ ቀባው። ነጭ ካልሆነ ክሬም፣ ክሬም ካልሆነ ፈዘዝ ያለ ግራጫ። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቤቱን ገበያ ላይ ያወጣ ሐበሻ ከኤጀንቱ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ሳሎኑ ቀይ ከሆነ፣ የልጅቷ ክፍል ደማቅ ሮዝ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይጠፋል። ከዚያ የሠርጉ ፎቶ ይወርዳል፣ ሥዕለ አድኅኖው ይወርዳል፣ ረከቦቱና መሶቡ ጋራዥ ይገባሉ። ገዢው ሲገባ የሌላ ሰው ቤት እንደገባ እንዳይሰማው ነው ይባላል። ምክንያቱ ውሸት አይደለም። ችግሩ እንደ ተፈጥሮ ሕግ መነገሩ ነው። እንዲያውም በጣም ወጣት ልማድ ነው፤ ዕድሜው አንድ ሰው በሕይወት እያለ ሊደርስበት የሚችል ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ቤትን ለገዢ ብሎ መቀባት የሚታሰበው ቀለም ሲረክስ ብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የቤት ቀለም የባለሙያ ሥራ ነበር። ቀለም ቀቢው የእርሳስ ዱቄቱን በተልባ ዘይት ለውሶ፣ ማቅለሚያውን በዓይኑ ለክቶ፣ እዚያው ይቀምመዋል። ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፤ ሽታው ደግሞ ቤት ያስለቅቃል። ሸርዊን ዊልያምስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ተቀምሞ ያለቀ ቀለም በቆርቆሮ መሸጥ የጀመሩት በ1870ዎቹ ነው። በ1940 ኖርማን ብሬኪ የተባለ የቶሮንቶ ሰው የቀለም ሮለርን ፈለሰፈ። በ1948 ደግሞ ግሊደን የተባለው ኩባንያ በውኃ የሚቀጥን፣ ፈጥኖ የሚደርቅ፣ ሽታው የማያስቸግር የላቴክስ ቀለም ለቤት ገበያ አወጣ። ሮለሩና ላቴክሱ ሲገናኙ ባለቤቱ ራሱ ቅዳሜና እሁድ ሳሎኑን ቀብቶ ሰኞ ሥራ ሊገባ ቻለ። ግድግዳ እንደ ልብስ የሚቀየር ነገር የሆነው ያኔ ነው።

መሣሪያው ብቻውን ግን ሰውን ወደ ነጭ አይነዳም። የረከሰ ቀለም ቀይም ሊሆን ይችል ነበር። ነጩን ያመጣው ብድሩ ነው።

ከ1930ዎቹ በፊት አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት የሚበደር ሰው ብዙውን ጊዜ ከዋጋው ግማሽ ያህሉን ከኪሱ አውጥቶ ቀሪውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መክፈል ነበረበት። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ባንኮችም ተበዳሪዎችም ሲወድቁ መንግሥት ገባበት። በ1934 የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ተቋቋመና እስከ 80 በመቶ የሚደርስ፣ እስከ 20 ዓመት የሚከፈል የቤት ብድር ዋስትና መስጠት ጀመረ። ዋስ የሚሆን አካል ደግሞ አንድ ነገር ያሳስበዋል፦ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ይህን ቤት ሌላ ሰው ይገዛዋል ወይ?

ያ «ሌላ ሰው» ስም የለውም፣ መልክ የለውም፣ የሚወደው ቀለም አይታወቅም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይኖራል። ባለቤቱ ግድግዳውን አረንጓዴ ሊቀባ ብሩሽ ሲያነሣ ጥግ ቆሞ ራሱን የሚነቀንቀው እሱ ነው።

የአስተዳደሩ ገማቾች የሚመሩበት መጽሐፍ ነበራቸው። ቤቱ ከአካባቢው ጋር መመሳሰሉ ነጥብ ያሰጥ ነበር፤ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ አሠራር ነጥብ ያስቀንሳል። እንግዳ የተባለው ግን አሠራር ብቻ አልነበረም። ይኸው መመሪያ የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች አንድ ሰፈር መኖራቸውን እንደ ኪሳራ ምልክት ይቆጥር፣ ለጥቁሮች መሸጥን የሚከለክሉ የውል አንቀጾችንም ያበረታታ ነበር። ሕጉ ይህን አድልዎ በግልጽ የከለከለው በ1968 ነው። ስለዚህ ያ ስም የለሹ ገዢ መልክ የለውም የሚለው ሙሉ እውነት አይደለም። ገማቾቹ በልባቸው የሳሉት ሰው መልክ ነበረው።

ይህ የአያቶች ዘመን ታሪክ ከመሰለ፣ በ2020 በካሊፎርኒያ ማሪን ሲቲ የሆነውን ማየት ነው። ጥቁር የሆኑ ባልና ሚስት ቤታቸውን አድሰው፣ አስፋፍተው አስገመቱት። ግምቱ ካሰቡት በጣም ዝቅ ብሎ መጣ። ሌላ ገማች ጠሩና ከመምጣቱ በፊት የቤተሰቡን ፎቶዎች አወረዱ፣ አፍሪካዊ መልክ ያላቸውን ጌጦች ሰበሰቡ፣ አንዲት ነጭ ወዳጃቸውም የራሷን ቤተሰብ ፎቶዎች አምጥታ የቤቱ ባለቤት መስላ ገማቹን ተቀበለች። ያው ቤት፣ ያው ጣሪያ፣ ያው ወለል ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብልጫ አገኘ። ባልና ሚስቱ ከሰሱ፤ ከመጀመሪያዋ ገማች ጋር የነበረው ጉዳይ በ2023 በስምምነት ተዘጋ።

እንግዲህ ረከቦቱን ጋራዥ አስገባ የሚለው ምክር ሁለት ፊት አለው። አንዱ ቤቱ ሰፊ እንዲመስል ዕቃ መቀነስ ነው፤ ይሄ የሁሉም ሻጭ ነገር ነው። ሌላው ግን ማን እንደኖረበት እንዳይታወቅ ማድረግ ነው። ምክሩን የሚሰጠው ኤጀንት የትኛውን እንደሚል አንዳንዴ እሱም ለይቶ አያውቀውም።

የሽያጭ ቤትን ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ሲያትል አካባቢ ባርብ ሽዋርዝ የተባለች፣ ከቤት ውስጥ ማስዋብ ወደ ቤት ሽያጭ የዞረች ሴት፣ የሚሸጥን ቤት እንደ ቴአትር መድረክ ማሰናዳት በሚል ሐሳብ ስም አወጣች። ቃሉ ራሱ ከቴአትር የተወሰደ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ አራገበው። ከዚያ ስልክ መጣ። ዛሬ ገዢ ቤቱን መጀመሪያ የሚያየው በፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ደማቅ ግድግዳን ያገንነዋል። ቀይ ግድግዳ ላይ ያረፈ ብርሃን ተንጸባርቆ ጣሪያውንም፣ ነጩን ሶፋም፣ የቆመውን ሰው ፊት እንኳ ያቀላዋል። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሲያዩት የሚሞቅ ሳሎን፣ በስልክ ስክሪን ላይ ምድጃ ይመስላል። ኤጀንቶቹ እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

ዋጋው ላይስ? ዚሎው የተባለው የቤት ሽያጭ ድርጅት በ2017 ከ32,000 በላይ የተሸጡ ቤቶች ፎቶዎችን መርምሮ ውጤቱን አውጥቶ ነበር። መታጠቢያ ክፍላቸው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ የሆኑ ቤቶች ከተጠበቀው በአማካይ 5,440 ዶላር በልጠው ተሸጡ። የሚገርመው ነጩ ነው። መታጠቢያ ክፍላቸው ነጭ የሆኑት በአማካይ 4,035 ዶላር አንሰው ተሸጡ። በ2018 ያወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የፊት በራቸው ጥቁር ወይም ከሰል መሰል የሆኑ ቤቶች 6,271 ዶላር አስበልጠዋል አለ። ነጭ ቀባው የሚለው ወርቃማ ምክር በራሱ ገበያ ቁጥር ሲመዘን ያን ያህል ወርቅ ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው።

ቁጥሩን ግን እንደ ወንጌል መቀበል አያስፈልግም። መታጠቢያ ቤቱን ጊዜ ወስዶ፣ ቀለም መርጦ ሰማያዊ ያስቀባ ሰው ቧንቧውንም አስጠግኖ፣ ሴራሚኩንም ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ገዢው የከፈለው ለሰማያዊው ይሁን ለቧንቧው ፎቶው አይናገርም። የቤትን ዋጋ ከኮምፒውተር ጀርባ ሆኖ ማወቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ዚሎው ራሱ በውድ ዋጋ ተምሮታል፤ ቤቶችን ራሱ እየገዛ የሚሸጥበትን ክንፍ በኅዳር 2021 ዘግቶ ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን አሰናብቷል።

ታዲያ ደማቅ ቀለም ያለ ፍርሃት የኖረባቸው ቦታዎች የት ናቸው? ብዙ ጊዜ ቤቱ ለሽያጭ ባልቀረበበት ቦታ ነው። አንዱ ምሳሌ በርሊን ነው። አርክቴክቱ ብሩኖ ታውት ከ1913 እስከ 1916 በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በፋልከንበርግ የሠራቸው ቤቶች አንዱ ቀይ፣ ጎረቤቱ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ያለው ቢጫ ነበሩ። በርሊኖች ሰፈሩን «የቀለም ሳጥን» ብለው ቀለዱበት። ታውት አልተመለሰም፤ በ1919 ሕንፃዎች ሁሉ በቀለም እንዲሠሩ የሚጠይቅ ጥሪ ጽፎ አሠራጨ። የታውት ክርክር ቀላል ነበር፦ ድሃ እብነ በረድ መግዛት አይችልም፣ ቀለም ግን ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ፋልከንበርግን ያሠራው የቤት ሥራ ማኅበር ነው። ነዋሪው የማኅበር አባል እንጂ ቤቱን ለገበያ የሚያወጣ ሻጭ አልነበረም። ያ ስም የለሽ ገዢ ጥግ ላይ አልቆመም። ሰፈሩ በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ቀለሞቹ ተጠንተው ታደሰ፤ በ2008 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። አሁን እዚያ ግድግዳ ማንጣት ነው የሚያስጠይቀው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ሐረር አለች። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ የሐረሪ ቤት ሳሎኑ ደረጃ ደረጃ ያላቸው መቀመጫዎች፣ ነደባ የሚባሉት አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እነዚህ መደቦች ቀይ ይቀባሉ። ሐረሪዎች ቀዩን በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ብለው ይተርኩታል። እንዲህ ያለውን ቀይ ኤጀንት መጥቶ «ትንሽ ይደምቃል፣ ክሬም ብናደርገው» ሲል ማሰብ ነው።

ይህ ማለት ግን ሜሪላንድ ያለው ሻጭ ቀይ ሳሎኑን የግድ ይዞ ይሙት ማለት አይደለም። ቤት ለአብዛኛው ሰው ያለው ሀብት በሙሉ ነው፤ ሽያጩ የልጅ ኮሌጅ ክፍያ ወይም አገር ቤት የሚገባበት ገንዘብ ይሆናል። የውስጥ ግድግዳን መቀባት ለሽያጭ ከሚደረጉ ርካሽ ዝግጅቶች አንዱ ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መደብ ቀለም ተቀብቶለት፣ ሁለቴ ሦስቴ ተደግሞ ይሸፈናል። ግድግዳው የቆሸሸ፣ የተላጠ፣ ወይም በፎቶ ላይ ክፍሉን የሚያጨልም ከሆነ ይቀባ። ንጹሕና በደንብ የተቀባ ሰማያዊ መኝታ ቤትን ነጭ ለማድረግ መሮጥ ግን ብዙ ጊዜ የሻጩ ጭንቀት እንጂ የገበያው ትእዛዝ አይደለም። ገዢውም ሮለር መግዛት ይችላል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት አሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ዓመት ነው ለቤት ቀለም እንዳይውል የታገደው። ለገዢ ላሳምር ብሎ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መፋቅ አቧራውን ቤቱ ውስጥ በሙሉ ይበትነዋል፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳውም ያ አቧራ ነው። በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት ሻጭ ስለ እርሳሱ የሚያውቀውን ለገዢ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቀለሙን በላዩ በመሸፈን የሚቀር ነገር አይደለም።

የነጭ ግድግዳ ነገር ሲነሣ የስዊዘርላንድ ተወላጁን አርክቴክት ለ ኮርቡዚየን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ዜጋ የግድግዳ ወረቀቱንና መጋረጃውን አውልቆ ቤቱን ሪፖሊን በተባለው ቀለም ነጭ እንዲቀባ የሚያስገድድ ሕግ ቢወጣ ብሎ ጻፈ። ቤት ሲነጣ ሰውም ልቡ ይነጣል ባይ ነበር። ይሄን በጻፈበት ጊዜ ግን በቦርዶ አጠገብ ፔሳክ በምትባል ከተማ፣ ሄንሪ ፍሩዥ ለተባለ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት የሠራተኞች ሰፈር እየሠራ ነበር። ቤቶቹን ምን ቀባቸው? ሸክላማ ቡናማ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ።

50 ያህል ቤቶች ነበሩ። ለጥቂት ዓመታት የሚገባባቸው ጠፍቶ ባዶ ቆሙ። በኋላ በመንግሥት የብድር ድጋፍ ለነዋሪዎች ተሸጡ፤ ገዢዎቹም ከፍለው የገቡበት ቤታቸው ነውና እንደ ልባቸው አደረጉት። ሰፋፊዎቹን መስኮቶች አጠበቡ፣ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ሌላ ጣሪያ ሠሩ፣ ቀለሞቹን በላያቸው ቀቡባቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የፔሳክ ማዘጋጃ ቤት አንዱን ቤት ገዝቶ አደሰው። ሰፈሩ በ2016 ከሌሎች የአርክቴክቱ ሥራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ማዘጋጃ ቤቱ የገዛው ቤት ደግሞ ሙዚየም ሆኖ ጎብኚ ይቀበላል።